ጄትፓክ በኛ አየር ስንት ኪሎ ያነሳል? ከባህር ዳር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ ከመስቀል ማግስት

መጀመሪያ ሃሳቡን ላስቀምጥና ወደ ብረቱ ልግባ። ሰው አዝሎት የሚበርበት ማሽን፣ ጄትፓክ የሚሉት፣ እዚህ ባህር ዳር ላይ ቢሞከር ስንት ኪሎ ያነሳል? ጥያቄዬ ይሄ ብቻ ነው። መልሱን ደሞ ከሻጭ ማስታወቂያ ሳይሆን ከሚዛን ነው ማግኘት የምፈልገው። ሰው አላበርም፣ ምንም ነገር ከገመድ አይለቀቅም፣ ሁሉም አንግል ብረት ላይ ታስሮ ቤት ውስጥ ነው የሚሰራው። የሚበር ነገር ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ከዛም በላይ በዚህ ጊዜ ሰው ከሰማይ ድምጽ ሰምቶ እንዲደነግጥ በፍጹም አልፈልግም።

ጥያቄው የመጣው ከከፍታችን ነው። ስማቸው የሚነሳ በረራዎችን አንድ በአንድ ብታዩ አብዛኞቹ ባህር ጠለል አጠገብ የተደረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 1961 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሃሮልድ ግራሃም የቤል ኩባንያን ሮኬት ቤልት፣ በጀርባ የሚታዘል ሮኬት፣ አዝሎ ያለ ገመድ የበረረው ናያግራ ፎልስ አጠገብ ነው፣ 13 ሰከንድ ቆየ፣ 34 ሜትር ገደማ ሄደ። ዴቪድ ሜይማን በ2015 የነጻነት ሐውልትን የዞረው ኒውዮርክ ወደብ ላይ ነው። ፍራንኪ ዛፓታ ኦገስት 4 ቀን 2019 በፍላይቦርድ ኤር (ሰው ቆሞበት በጄት ሞተር የሚበር ሰሌዳ) የተሻገረው በፈረንሳይና በእንግሊዝ መሃል ያለውን ባህር ነው። ሪቻርድ ብራውኒንግም በዛው ዓመት በሰዓት 136.9 ኪሎሜትር ሄዶ ሪከርድ የያዘው ብራይተን ባህር ዳርቻ ላይ ነው።

በጣም የገረመኝ የቪንስ ሬፌ ነው። በ2020 መጀመሪያ ዱባይ ላይ ክንፍ ያለውን የጄትማን ማሽን አድርጎ ከመሬት ቀጥ ብሎ ተነሳና 1,800 ሜትር ከፍታ ደረሰ። ይሄ ሰውዬ በዛው ዓመት ህዳር ላይ ልምምድ ላይ እያለ ህይወቱ አለፈ፣ ነፍስ ይማር። 1,800 ሜትር ማለት ለኛ ምንድነው? የጣና ውሃ የተኛበት ከፍታ ነው፣ ጥቂት ሜትር ቢጎድል ነው። እሱ ወጥቶ የደረሰበት ቦታ ላይ ነው እኛ ገና ከመሬት ልንነሳ የምንሞክረው፣ እና ከዚህ በላይ ደሞ ደብረ ማርቆስ አለ፣ ከዛም ጮቄ አለ ከ4,000 ሜትር በላይ። ስለዚህ የነሱ ቁጥር የኛ ቁጥር አይደለም። የኛን ራሳችን መለካት አለብን።

ጥቅምት መጀመሪያ

አየሩን መዘንኩ። ትንሽ የአየር ግፊት ሴንሰር ከአርዱኢኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ጋር አገናኝቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው የሚያነበው፣ ባህር ጠለል ላይ 1,013 ነው። ቀን 25 ዲግሪ ሲሆን ሂሳቡ ሲሰራ አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ 0.96 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ መጽሐፍ ላይ ያለው የባህር ጠለል ቁጥር 1.225 ነው። 22 በመቶ የሚሆነው አየር የለም ማለት ነው። ማራገቢያ የሚገፋው አየር ነው፣ የሚገፋው ነገር ከሳሳ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን እንደሚመስለው ቀጥታ አይደለም፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥቅምት፣ እቃው ሲገባ

እቃው ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የገባው። 90 ሚሊሜትር ስፋት ያለው በቱቦ ውስጥ የሚዞር የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው፣ የሞዴል ጄት አውሮፕላን ለሚሰሩ ሰዎች የሚሸጠው ዓይነት፣ ከስፒድ ኮንትሮለሩ (ፍጥነት መቆጣጠሪያው) ጋር። ባትሪው ላይ አንድ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ ሌላም ሰው ሊያስመጣ ይችላልና። ማራገቢያው ባለ 6 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ነው የሚፈልገው፣ 22.2 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት፣ ይሄ ሲባዛ 111 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ አየር መንገዶች ደሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ተሳፋሪ በእጅ ሻንጣ እንዲይዝ የሚፈቅዱት እስከ 100 ነው። መፍትሄው ባለ 3 ሴል ለየብቻ መግዛት ነው፣ እያንዳንዱ 55 ነው የሚሆነው፣ እዚህ ሲደርስ ሁለቱን በተከታታይ ታገናኛላችሁ፣ ያው 22.2 ቮልት ነው። ስታስቀምጡት አሸዋ ያለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ይሁን፣ ቻርጅ ስታደርጉም ጥላችሁ አትሂዱ፣ ሊፖ ሲቃጠል በቀላሉ አይጠፋም።

የማራገቢያው ሻጭ 3.2 ኪሎ ይገፋል ብሏል። ይሄን ቁጥር አስታውሱት።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ማቆሚያው

ሚዛኑን የሚይዘው ማቆሚያ ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላ ነገር ነው፣ ግን ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ማቆሚያው ከተርገበገበ ቁጥሩ ሁሉ ይዋሻል። በያጁ ጋሼ ጋር ሄጄ የ40 አንግል ብረት በኤል ቅርጽ እንዲበይዱልኝ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ጫፍ ማራገቢያውን ይይዛል፣ መታጠፊያው ላይ ኩሽኔታ አለ፣ ሌላኛው ጫፍ ወደታች ሚዛኑን ይጫናል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ርዝመት ከሆኑ ማራገቢያው ወደፊት በገፋ ቁጥር ሚዛኑ ላይ ያንኑ ያህል ይጫናል ማለት ነው።

ጋሼ ስዕሉን አይተው ብዙ ዝም አሉና «ልጄ፣ ይሄ ሰው ይዞ ሊወጣ ነው?» አሉኝ። 

«አይ ጋሼ፣ ይሄማ የሚመዝን ብቻ ነው፣ ታስሮ ነው የሚሰራው» አልኳቸው። 

«እንዲህ ከሆነ ክንዱ ሳስቷል፣ ሲንቀጠቀጥ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ማገር ልጨምርለት» አሉና በሰያፍ አንድ ብረት ጨመሩበት፣ ከታች ደሞ ጎማ አስገቡበት። ብረት ቆርጠው በፍሌክሶ ሲያስተካክሉ እንኳን ኩሽኔታው ውስጥ ብናኝ እንዳይገባ በጨርቅ ሸፍነው ነው የሰሩት። እኔ ስዕል ነው የወሰድኩላቸው፣ ከሳቸው የወጣው ግን ከስዕሉ የተሻለ ነው።

ሚዛኑ እስከ 10 ኪሎ የሚችል ሎድ ሴል (ክብደት የሚለካ ሴንሰር) ነው፣ ከባለሱቅ የተዋስኩትን የሚዛን ድንጋይ እያስቀመጥኩ አስተካከልኩት። ግማሽ ኪሎ፣ 1 ኪሎ፣ 2 ኪሎ እያልኩ ስጨምር ስህተቱ ከ10 ግራም አይበልጥም። ለዚህ ስራ ይበቃል።

ህዳር፣ ሚካኤል ካለፈ በኋላ

ዛሬ ሮጠ! ድምጹ ከባድ ነው፣ ጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት፣ ጎረቤትም ስላለ ጠዋት ጸሎት ሰዓትና ማታ አልነካውም። ከማራገቢያው ፊትና ኋላ ማንም አይቆምም፣ ምላጩ ቢሰበር ጎን ለጎን ነው የሚወረወረው ስለዚህ ጎኑንም በላሜራ ከልያለሁ።

ውጤቱ፦ ሙሉ ጋዝ (ሙሉ ፍጥነት) ላይ 2.52 ኪሎ፣ ኤሌክትሪኩ 1,700 ዋት ገደማ። ደጋግሜ ለካሁት፣ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ትንሽ ከፍ ይላል ሲደክም ዝቅ ይላል፣ መሃሉን ነው የወሰድኩት።

አሁን 3.2 ያለውን አስቡት። 3.2 ላይ 22 በመቶ ብቀንስ 2.5 ይመጣል፣ ስለዚህ ልክ ገጠመ ብዬ ልተወው እችል ነበር፣ ግን ሂሳቡ እንዲህ ቀላል አይደለም። አየር ሲሳሳ ማራገቢያው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ ሞተሩም ትንሽ ፈጥኖ ይዞራል፣ ስለዚህ ከጠፋው የተወሰነውን መልሶ ማግኘት አለበት። ቁጥሩ 22 በመቶ ገደማ መቀነሱ የሚነግረኝ ሻጩ የጻፈው 3.2 ራሱ የተጋነነ መሆኑን ነው። ይሄን ለመለየት ያው ማራገቢያ ሌላ ከፍታ ላይ መሮጥ አለበት።

ህዳር መጨረሻ፣ ፕሮፔለር

ለእርሻ መድሃኒት መርጫ ድሮን የተሰራ ሞተር ከነ 22 ኢንች ፕሮፔለሩ አዲስ አበባ ካለ ልጅ በውሰት አገኘሁ። ያንኑ ማቆሚያ ላይ አሰርኩትና ጋዙን ቀስ እያልኩ ሚዛኑ 2.5 ኪሎ እስኪል ጨመርኩ። ዋት ሜትሩ ላይ ያለውን ሳይ ሴንሰሩ ተበላሸ እንዴ ብዬ ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። 330 ዋት። ያኛው 1,700 ዋት የበላበትን ያንኑ ግፊት ይሄኛው በአንድ አምስተኛው ሰራው።

ምክንያቱ የጄትፓክ ችግር ሁሉ እዚህ ስለተቋጠረ ትንሽ ልቆይበት። አየር ወደታች ስትገፋ የምታገኘው ግፊት በየሰከንዱ የምትገፋው አየር ክብደት ሲባዛ በፍጥነቱ ነው። የምትከፍለው ጉልበት ግን ክብደቱ ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፣ ለሁለት ተካፍሎ። ስለዚህ ጥቂት አየር በጣም አፍጥነህ ከምትገፋ ብዙ አየር ቀስ አድርገህ ብትገፋ ያንኑ ያህል ትነሳለህ፣ የምትከፍለው ግን በጣም ያንሳል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይሄን በእጁ ያውቀዋል፣ ቀጭን ዱላ ይዞ ቢማታ ይደክማል እንጂ ታንኳው አይሄድም፣ ሰፊ መቅዘፊያ ነው የሚይዘው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰፊ አያደርገውም? ሰው ስለሚያዝለው ነዋ። እስቲ በወረቀት አብረን እናስላው። ሰውየው 70 ኪሎ፣ ማሽኑ ከነባትሪው 60 ኪሎ፣ በድምሩ 130። በኔ ፕሮፔለር ልክ ሲካፈል 52 ፕሮፔለር ይፈልጋል፣ እነሱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ጠቅላላ ስፋታቸው ወደ 13 ሜትር ካሬ ይሆናል፣ ከደህና ሳሎን ጋር እኩል ነው፣ ማን አዝሎት ይሄዳል። በትንሹ ማራገቢያ ግን 52ቱም አንድ ላይ ግማሽ ሜትር ካሬ አይሞሉም፣ ኤሌክትሪኩ ግን 88 ኪሎዋት ይሆናል። ከ60 ኪሎው ውስጥ 30ው ሊፖ ነው ብንል፣ በኪሎ 160 ዋት ሰዓት አድርገን፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ብትጨርሰው 3 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ይላል። በፕሮፔለሩ 17 ደቂቃ ገደማ። እና ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ አየር ላይ ለመቆም ብቻ ነው።

ለዛ ነው ነዳጅ የሚጠቀሙት። አንድ ኪሎ ነጭ ጋዝ ወደ 12,000 ዋት ሰዓት ሙቀት ይዟል፣ ሊፖ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 አይበልጥም። እነዛ ጄትፓኮች የሚጠቀሙባቸው ትናንሽ ተርባይኖች (የጄት ሞተሮች) ነዳጅም ከነጭ ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው። ግን ተርባይኑም ጥቂት አየር በጣም አፍጥኖ የሚተፋ ስለሆነ በደቂቃ 4 ሊትር አካባቢ ይጠጣል፣ ሰውየው የሚሸከመው ነዳጅ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያስኬደው። ዛፓታ 35 ኪሎሜትር በ22 ደቂቃ ሲሻገር እንኳን መሃል ባህር ላይ ጀልባ ላይ አርፎ ነዳጅ ቀይሯል፣ መጀመሪያ የሞከረ ጊዜም ያቃተው እዛው ነዳጅ መቀየሪያው ላይ ነው። የሮኬት ቤልቱ ደሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ከአየር ምንም አይወስድም፣ 90 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በብር ማጣሪያ ውስጥ አልፎ ከ700 ዲግሪ በላይ የጋለ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ 21 ሰከንድ፣ አለቀ። ቢል ሱተር በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ዓለም እያየው የበረረው በዚሁ ዓይነት ነው። (ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ነው፣ ቁስል የሚጠርጉበት፣ 90ው ሌላ ነገር ነው፣ እኔ አጠገቡም አልደርስም፣ እናንተም እንዳትነኩት።)

መሃል ላይ ለመቆም የሞከሩት ኒውዚላንዶቹ ናቸው። ማርቲን ጄትፓክ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ኦሽኮሽ የአውሮፕላን ትርኢት ላይ ሲታይ ጎንና ጎን ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ ነበረው፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ያዞራቸዋል። በ2011 ሰው ሳይሆን አሻንጉሊት ጭነው 1,500 ሜትር ገደማ አወጡት። በሂሳብ እነሱ ናቸው ልክ። ግን ማሽኑ ከመግዘፉ የተነሳ ሰው የሚያዝለው ሳይሆን ሰው የሚገባበት ሆነ፣ ኩባንያውም በ2019 ተዘጋ። እኔ ግን የነሱን መንገድ ነው የማከብረው፣ በተለይ አየሩ ለሳሳበት ለኛ።

ታህሳስ

መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ባትሪ መሙላት ራሱ ስራ ሆኗል። በመሃል አንድ ቀላል ልኬት ሰራሁ፣ ማራገቢያውን ከማቆሚያው ላይ በ30 ዲግሪ አዘንብዬ። 2.2 ኪሎ ገደማ። በ45 ዲግሪ 1.8። በሂሳቡ 2.18 እና 1.78 ነው መሆን ያለበት፣ ገጥሟል። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ብራውኒንግ የሚወርደው እንዲህ ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ላይ ሁለት ሁለት ተርባይን አለ፣ ጀርባው ላይ አንድ፣ መውረድ ሲፈልግ ክንዱን ከፈት ያደርጋል፣ መውጣት ሲፈልግ ወደ ጎኑ ይሰበስባል። ጋዙን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው የሚቀይረው። ምክንያቱን ቀጣዩ ሙከራ ላይ በደንብ ታዩታላችሁ።

ታህሳስ፣ ከገና በፊት፣ አሻንጉሊቱ

ከጣውላ የሰው ደረትና ወገብ የሚመስል ነገር ሰራሁ፣ ቁመቱ ክንድ የሚያህል። ክብደቱ መሃል ላይ ኩሽኔታ አስገብቼ ወደ ፈለገበት እንዲያዘነብል አደረግኩ፣ ጎንና ጎን ሁለት ማራገቢያ፣ ሁለተኛውን ያገኘሁት እዚሁ ፖሊ ከተማረ ጓደኛዬ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው (በያጁ ጋሼም ያሉኝ ይሄንኑ ነው) ማራገቢያው ትከሻ ላይ ከሆነ ሰውየው ከታች ስለሚንጠለጠል ቀጥ ብሎ ይቆማል የሚል ነው። ሞከርነው። ትከሻ ላይ አድርገን በመጥረጊያ እንጨት ነካ ሲደረግ ዞሮ ወደቀ። ወገብ ላይ አድርገን ነካ አደረግነው፣ ያው ዞሮ ወደቀ። ልዩነት የለውም። ምክንያቱም ማራገቢያው ከሰውነቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሰውየው ሲያዘነብል ግፊቱም አብሮት ያዘነብላል፣ መስመሩ ሁልጊዜ በክብደቱ መሃል ነው የሚያልፈው፣ መልሶ የሚያቃናው ነገር የለም። የጥንት ሮኬት ሰሪዎችም ሞተሩን ከላይ አድርገው ይሄንኑ ተስፋ አድርገው ነበር፣ አልሰራላቸውም። ጋሼ ራሳቸው መጥተው ሲያዩት እንጨቱን ተቀብለውኝ ደጋግመው ነካኩት፣ ከዛ «እንግዲያማ የሚያቃናው ሰውየው ራሱ ነው» አሉ። ልክ ናቸው።

ከዛ ጂሮ ሴንሰር (ማዘንበልን የሚለይ) ጨምሬ አርዱኢኖው እንዲያቃናው አደረግኩ፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል የግራውን ጋዝ ይጨምራል። ይሰራል ግን ይወዛወዛል፣ ምክንያቱም ማራገቢያው ትእዛዝ ከሰማ በኋላ እስኪፈጥን ጊዜ ይወስዳል፣ እሱ እስኪደርስ አሻንጉሊቱ አልፎ ሄዷል። ተርባይን ደሞ ከዚህም ይዘገያል፣ ከዝቅተኛው ወደ ሙሉ ጉልበት ለመድረስ ሰከንዶች ይፈልጋል። ስለዚህ ጋዝ በመጨመር በመቀነስ ብቻ ሚዛን መጠበቅ ያስቸግራል፣ አቅጣጫ ነው መቀየር ያለበት፣ የብራውኒንግ ክንዶች ሚስጥር ይሄ ነው።

እኛም ከማራገቢያው መውጫ ስር ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠ ክንፍ በሰርቮ (በትእዛዝ የሚዞር ትንሽ ሞተር) አንጠልጥለን ጋዙን ቋሚ አድርገን ክንፉን ብቻ አንቀሳቀስነው። ሰርቮ ወዲያው ነው የሚታዘዘው። አሻንጉሊቱ በመጥረጊያ እንጨት ሲገፋ ዘንበል ብሎ ተመልሶ ቆመ!! ጓደኛዬ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፣ ከማራገቢያው ድምጽ የተነሳ ግን ማናችንም አልተሰማማንም። ግፊት ትንሽ ይበላል፣ ክንፉ ቀጥ ብሎ እንኳን ቆሞ 60 ግራም ገደማ ወሰደ፣ ይገባዋል።

ጥር፣ ጥምቀት፣ ደብረ ማርቆስ

ለጥምቀት እትዬ ጋ ማርቆስ ስሄድ ማቆሚያውን ፈታትቼ በጆንያ ይዤው ሄድኩ። መናኸሪያ ላይ ፈታሾች ምንድነው አሉኝ፣ ሚዛን ነው አልኩ፣ ማራገቢያውን ሲያዩ እንዴት ሚዛን ይሆናል አሉ፣ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፣ አንዱ ፖሊስ በደንብ ነው የሰማኝ፣ አለፍኩ። እትዬ «አንተ ልጅ በዓል መጥተህ ብረት ትፈታለህ?» አለችኝ ግን ጓዳውን ባዶ አድርጋ የሰጠችኝ እሷው ናት።

ሴንሰሩ 757 ሄክቶፓስካል አነበበ፣ ሙቀቱ 19 ዲግሪ። አየሩ ከባህር ዳሩ በ6 በመቶ ሳስቷል ማለት ነው። ያው ማራገቢያ፣ ያው ባትሪ፣ 2.41 ኪሎ፣ 1,650 ዋት ገደማ።

ህዳር ላይ ያቆየሁት ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። አየሩ 6 በመቶ ሲቀንስ ግፊቱ የቀነሰው 4 በመቶ ከምናምን ነው፣ ሞተሩ ፈጥኖ የተወሰነውን መልሶታል። በዚህ ልክ ወደ ባህር ጠለል ብንመለስ የኔ ማራገቢያ 3.05 ኪሎ ገደማ ነው የሚገፋው፣ 3.2 አይደርስም። ከዚህ በኋላ ከማስታወቂያ ላይ ያለ ቁጥር ስወስድ መጀመሪያ 5 በመቶ እቀንሳለሁ፣ ከዛ ለከፍታው እቀንሳለሁ።

ማርቆስ ላይ እያለሁ ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው። በ2020 እንግሊዝ ሀገር ተራራማ በሆነ ቦታ ላይ የብራውኒንግ ኩባንያ ከአየር አምቡላንስ ሰዎች ጋር ሙከራ አድርጎ ነበር፣ በእግር 25 ደቂቃ የሚወስደውን ዳገት ጄትፓኩ በ90 ሰከንድ ወጣው። ሰው ጄትፓክ 5 ደቂቃ ብቻ ከበረረ ምን ይጠቅማል ይላል። እኔ ግን ጎጃም ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ማዶ ያለች ወላድ እየታየች አዋላጇ ወዲህ ማዶ ቆማ የምትቀርበትን ሀገር አውቀዋለሁ። ያንን ለመሻገር 5 ደቂቃ አያስፈልግም፣ 1 ደቂቃ ይበቃል። ድልድዩ መሰራት አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ግን አጭር በረራ ዋጋ የለውም የሚለውን አልቀበልም። እንዲህ ያለ ማሽን ለዚህ ሀገር የሚሰራ ሰው ካለ ደሞ በዱባይ አየር ሳይሆን በጮቄ ስር ባለ አየር ማስላት አለበት።

የካቲት፣ የሳፋው ጠርዝ

ማራገቢያው የመጣው መግቢያው ላይ ከንፈር ሳይኖረው ነው፣ ቱቦው ጫፉ ስለታም ነው። አየር ከጎን ሲገባ ስለቱ ላይ ይቀደድና የምላጩን ጫፍ በትክክል አይመግበውም። ከንፈሩ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ የታጠፈ ከሆነ ግን አየሩ ተንሸራቶ ይገባል፣ ከንፈሩ ላይ ራሱም ግፊት ይፈጠራል። ከተማውን ዞሬ ልክ የሚሆን ነገር ስፈልግ ገበያ ላይ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሳፋ አገኘሁ፣ ጠርዙ በደንብ የተጠቀለለ። ቂጡን በማራገቢያው ልክ ቆርጬ፣ ውስጡን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ገጠምኩት።

2.69 ኪሎ። ኤሌክትሪኩ ያው 1,700። ምንም ዋት ሳይጨመር 170 ግራም! በ52 ማራገቢያ ብታባዙት ወደ 9 ኪሎ ይመጣል፣ ያ ማለት ተጨማሪ ባትሪ ነው ወይ የህክምና ቦርሳ ነው። በዚህ ስራ ውስጥ በጣም ርካሹና በጣም ደስ ያለኝ ነገር ይሄ ነው፣ እቤት እንዲህ ያለ ባለቱቦ ማራገቢያ ያለው ሁሉ ይሞክረው።

የካቲት መጨረሻ

ቀጥሎ ያለው ልኬት ወደታች ነው። ከደጀን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ድልድዩ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,050 ሜትር ነው፣ በጎጃም መንገድ ላይ በቀላሉ የሚደረስ ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ አላውቅም፣ መንገዱ ሲፈቅድ ማቆሚያውን ይዤ እወርዳለሁ። ድልድዩ ላይ አይደለም፣ ከመንገድ ራቅ ብሎ፣ የአካባቢውን ሰው አስፈቅጄ።

ከመሄዴ በፊት የምጠብቀውን ቁጥር አሁኑኑ እጽፈዋለሁ፣ ለክቼ ከመጣሁ በኋላ እንዳላስተካክለው። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ቢሆን አየሩ ከባህር ዳሩ በ7 በመቶ ገደማ ይወፍራል፣ ማርቆስ ባየሁት ልክ ግፊቱ 5 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ከነከንፈሩ ከ2.80 እስከ 2.85 ኪሎ። ከ2.75 በታች ከመጣ የማርቆሱን ልኬት እንደገና እሰራዋለሁ።